የተኛ ልጅ ሁሉ የዳነ አይደለም

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ደውለው «ከመርጡለ ማርያም አንድ ነገር ይዘሽልን ነይ» ሲሉኝ ብዙ ነገር አሰብኩ። ስለ ወሊድ ማውራት ይቻላል፤ ስለ ደም እጥረት ይቻላል፤ ስለ አምቡላንስም እንዲሁ። እነዚህን ግን በየስብሰባው ሰምታችኋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ነው። በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ አለች፤ ማንም አይፈራትም። የአለርጂ ሽሮፕ ናት። ለሚያሳክክ ቆዳና ለሚያፈስ አፍንጫ የተሠራች ይህች ሽሮፕ አሁን አሁን ለፈሩ ልጆች እየተሰጠች ነው።

መርጡለ ማርያምን ብዙዎቻችሁ በገዳሟና በእቴጌ እሌኒ ስም ታውቋታላችሁ። ላልመጣችሁ፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። የምሠራው እዚያ ነው። የገበያ ቀን ሲሆን ሰዉ እግረ መንገዱን ሕፃናቱንም ይዞ ይመጣል፤ የተመላላሽ ክፍሉ በረንዳ ይሞላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ለናንተ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ተኩስ ተሰምቷል፤ መንገድ ተዘግቷል፤ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ታዲያ እናቶች ይዘውት የሚመጡት አቤቱታም ተለውጧል። ተቅማጡና ሳሉ እንዳለ ሆኖ፣ አዲስ ቃል በርክቷል፤ «ይባንናል»፣ «ትባንናለች»።

አንዲት እናት ያለችኝን ልንገራችሁ። «ዶክተር፣ ልጄ ሌሊት ይባንናል። በር ሲንኳኳ ከመደቡ ሥር ይገባል። ሆዴን ይላል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ እንቢ ብሏል። ያን የሚያስተኛውን ሽሮፕ ይጻፉልኝ፤ የጎረቤቴ ልጅ በሱ ነው የዳነ።»

ይህችን እናት ማን ይወቅሳታል? ሦስት ሌሊት ያልተኛች ሴት ናት። ሽሮፑም ባዶ ተስፋ አይደለም፤ ልጁ በርግጥ ይተኛል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሽሮፑ ፈጽሞ ባያስተኛ ኖሮ ማንም አይደግመውም ነበር። ስለሚያስተኛ፣ መተኛቱ እንደ መዳን ተቆጠረ።

እስቲ ክፍል ውስጥ የተማርነውን እናስታውስ። ሂስታሚን ቆዳ ላይ የሚያሳክክ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚያስነጥስ ብቻ አይደለም። አንጎል ውስጥም ይሠራል፤ ከሃይፖታላመስ ተነስቶ ነቅተን እንድንቆይ ያደርገናል። እንደ ፕሮሜታዚን፣ ክሎርፌኒራሚን፣ ዲፌንሃይድራሚንና ሃይድሮክሲዚን ያሉት የመጀመሪያው ትውልድ ፀረ ሂስታሚኖች ወደ አንጎል ይገባሉ፤ የንቃቱን መብራት ይቀንሱታል። ልጁ ያንቀላፋል። እንደ ሎራታዲንና ሴትሪዚን ያሉት ኋላ የመጡት ወደ አንጎል የሚገቡት በጣም ጥቂት ስለሆነ ብዙም አያስተኙም። ስለዚህ «የአለርጂ መድኃኒት ያረጋጋል» ስንል፣ የምናወራው ስለ አንድ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱን አንስተን ሕክምና ብለነዋል።

ነገሩ ከየት መጣ? የፀረ ሂስታሚን ጥናት ዳንኤል ቦቬን እ.ኤ.አ. በ1957 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎቹ አንዱ ነው። ፕሮሜታዚን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ተሠራ። ቀዶ ሐኪሙ ሄንሪ ላቦሪት ለቀዶ ሕክምና በሽተኞች ሲሰጠው ሰዎቹ ሳይደነዝዙ ረጋ እንደሚሉ አስተዋለ። ያንን ተከትሎ ከዚያው ቤተሰብ ክሎርፕሮማዚን ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮም የአእምሮ ሕክምናን መልክ ለወጠው። እኛም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስንለማመድ ክሎርፕሮማዚንና ፕሮሜታዚን ጎን ለጎን ሲታዘዙ አይተናል። አንድ የጤና መኮንን ወይም ነርስ «ፕሮሜታዚን የነርቭም መድኃኒት ነው» ብሎ ቢያስብ እንግዲህ ከሜዳ አላመጣውም።

ሃይድሮክሲዚን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፣ ለልጆችም ጭምር የጭንቀት መድኃኒት ተብሎ ተፈቅዷል። ዛሬም ያ ፈቃድ አልተሰረዘም። ስለዚህ «መጽሐፉ ላይ አለ» የሚል ሰው ትክክል ነው። ነገር ግን ቀኑን ልብ በሉ። አንድ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት እንደሚሠራ በተገቢ ጥናት ይረጋገጥ የሚለው የአሜሪካ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ሃይድሮክሲዚን ከሕጉ በፊት ገብቷል። በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እስከዛሬ፣ ከአራት ወር በላይ ለሆነ የጭንቀት ሕክምና ያለው ጥቅም በሥርዓት እንዳልተጠና ተጽፏል። ለአዋቂዎች የተደረጉትን ጥናቶች የሰበሰበው የኮክሬን ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣም፣ ከባዶ ክኒን የተሻለ ነው ግን እንደ መጀመሪያ ምርጫ ለመምከር ማስረጃው አይበቃም አለ። ለልጆች ያለው ጥናት አብዛኛው ከጥርስ ሕክምናና ከቀዶ ሕክምና በፊት ለአንድ ጊዜ ስለማረጋጋት ነው። ለአንድ ሰዓት ማረጋጋትና ወር ሙሉ የሚባንን ልጅ ማከም አንድ አይደሉም።

በሌላ በኩል ልጆች በምን እንደሚሻላቸው የሚያሳይ ጥሩ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 488 የጭንቀት ሕመም ያለባቸው ልጆችን አካቷል። በንግግርና በልምምድ ብቻ ከታከሙት 60 በመቶው በጣም ተሻላቸው። ሰርትራሊን ብቻ ከወሰዱት 55 በመቶው፣ ሁለቱንም ካገኙት 81 በመቶው፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 24 በመቶው። እዚህ ውስጥ ፀረ ሂስታሚን የለም። ከዚህ በላይ ለኛ የሚጠቅመው ግን የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ያለ አንዲት ክኒን፣ በማነጋገርና በማለማመድ ብቻ፣ ከአምስት ልጆች ሦስቱ!

ለምን ይሆናል ካላችሁ፣ ምክንያቱ ቀላል ነው። ፍርሃት የሚበርደው ልጁ የፈራውን ነገር ነቅቶ ሲያየውና ምንም ሳይሆን ሲቀር ነው። በሩ ተንኳኳ፤ የገባችው አክስቱ ናት። እንደገና ተንኳኳ፤ የጎረቤት ልጅ ነው። አንጎሉ ቀስ በቀስ «በር ሲንኳኳ ሁልጊዜ ክፉ አይመጣም» ብሎ ይማራል። የደነዘዘ ልጅ ይህን አይማርም። ሽሮፑ ሲያልቅ ፍርሃቱ የነበረበት ቦታ ቆሞ ይጠብቀዋል። የማስተኛት ኃይሉም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለመዳል፤ ያኔ እናትየው አንዱን ማንኪያ ሁለት ታደርገዋለች።

ሁለት ማንኪያ ስንል ጉዳቱ ይመጣል። አፍ ይደርቃል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ሽንት ይይዛል። አንዳንዱ ልጅ በተቃራኒው ይነሳሳል፤ ይቅበዘበዛል፤ ይቃዣል። ይሄኔ ቤተሰቡ «ሕመሙ ባሰበት» ብሎ ይጨምርለታል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ላይ ጥሉን ሊቀሰቅስ ይችላል። ፕሮሜታዚን አንገትና ምላስ ሊያጣምም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጨርሶ እንዳይሰጥ ከባድ ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል፤ ትንፋሽ አዳክሞ የገደላቸው ሕፃናት ስለነበሩ ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2015 ሃይድሮክሲዚን የልብ ምት ሥርዓትን ሊያዛባ ስለሚችል መጠኑን ገድቧል፤ እስከ 40 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን ከ2 ሚሊግራም በኪሎ አይለፍ ብሏል። አሁን አስቡት። ልጁ አልተመዘነም፤ ማንኪያው የወጥ ማንኪያ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ ስለተገኙ አራት የተበከሉ የልጆች ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከአራቱ አንዱ የፕሮሜታዚን ሽሮፕ ነበር። ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞተዋል። የገደላቸው ፕሮሜታዚኑ ራሱ አይደለም፤ የተቀላቀለበት መርዛማ ፈሳሽ ነው። ለኛ ያለው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ልጁ የማያስፈልገውን ጠርሙስ ባዘዝን ቁጥር፣ የማያስፈልገውን አደጋም አብረን እናዝዝለታለን።

ይህ ሁሉ አሳሳቢ ነው፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሽሮፑ ልጁን ዝም ያሰኘዋል። ልጅ ደግሞ ሲፈራ አንድ ነገር እየነገረን ነው።

ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬ ልንገራችሁ። የ13 ዓመት ልጅ ናት። ልቧ ይመታል፤ ሆዷን ያማታል፤ ሌሊት አትተኛም። ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት በሁለት ቦታ ሽሮፕ ተሰጥቷታል፤ ለሁለት ወር ያህልም ወስዳለች። ክፍል ውስጥ እያንቀላፋች ከደረጃ ወርዳለች። አባትየውን በረንዳ ላይ እንዲጠብቁን ለምኜ ብቻዋን አነጋገርኳት። መጀመሪያ አልተናገረችም። ጠበቅሁ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች «ሽማግሌ ልከዋል» አለችኝ። ለካ ሊድሯት ነው። በሽታዋ እሱ ነበር። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ይላል፤ ልጅቱ ግን ሕጉን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ አልነበረም፤ የነበራት የማስተኛ ሽሮፕ ነው። ከትምህርት ቤቷ፣ ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያና ከቤተሰቡ የንስሐ አባት ጋር ተነጋገርን። አባትየው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የጊዜው ሁኔታ አስፈርቷቸው ልጃቸውን «በክብር ላስቀምጣት» ብለው ነው። ሠርጉ ቀረ። የልብ ምቷም ያለ ምንም መድኃኒት ወደ ቦታው ተመለሰ። ሽሮፑ ሦስተኛ ወሩን ቢቀጥል ኖሮ፣ እንቅልፍ እንደተጫናት ትዳር ነበር።

ስለዚህ የፈራ ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ መጠየቅ ነው። ምን ትፈራለህ? ከመቼ ጀምሮ? ቤት ውስጥ ማን ይመታሃል? ከተቻለ ለብቻው። ቀጥሎ አካሉን ማየት ነው። ልብ የሚመታው በሪህማቲክ የልብ ሕመም ወይም በደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊት የሚነሳው በሚጥል በሽታ፣ በአስም ወይም መቀመጫን በሚያሳክክ ትል ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ቡናውን። በኛ አገር ማታ ቡና ሲፈላ በረካውን ለልጁ ማቅመስ የፍቅር ምልክት ነው። ልጁ ቡና ጠጥቶ ይተኛና ሌሊት ሲባንን ሽሮፕ ይፈለጋል። የማታውን ቡና በማስቀረት ብቻ እንቅልፉ የተመለሰለት ልጅ አይቻለሁ።

ወደዚያች እናት ልመለስ። ልጇ 8 ዓመቱ ነው። ሽሮፑን አልጻፍኩላትም፤ ባዶ እጇንም አልመለስኳትም። «እናቴ፣ ልጅሽ እብድ አይደለም፤ ቡዳም አልበላውም። ክፉ ነገር ሰምቶ አንጎሉ ጠባቂ ሆኖ ቆሟል። ጠባቂውን ቀስ ብለን እናሳርፈዋለን» አልኳት። ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ያረፈችው እሷው ነበረች።

ያደረግነው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማታ ማታ አንድ ዓይነት ሥርዓት፤ እራት፣ እግር መታጠብ፣ ተረት፣ ጸሎት፣ መኝታ። ስለ ጦርነቱ የሚወራ ወሬ ልጁ ባለበት አይወራም። ሁለተኛ፣ አተነፋፈስ። «ትኩስ ሻይ ለማብረድ እንዴት እፍ ትላለህ?» ብዬ አስተማርኩት፤ ቀስ ብሎ፣ ረጅም። ልብ ሲመታ ሻዩን ያበርዳል። ሦስተኛ፣ መሰላል። ትምህርት ቤት መሄድን የመሰላሉ አናት አደረግነው። የመጀመሪያው ርከን ከእናቱ ጋር እስከ በሩ ሄዶ መመለስ ነው፤ ቀጥሎ ግቢው ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን። አንዱ ርከን ሳይለመድ ወደ ቀጣዩ አይወጣም፤ ወደ ኋላም አይመለስም። አራተኛ፣ መምህሩ። አንድ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ አንብበው በር አጠገብ አስቀመጡት፤ ሲጨንቀው ወጥቶ እንዲመለስ ፈቀዱለት። በስድስተኛው ሳምንት ሙሉ ቀን ተማረ። አሁንም አልፎ አልፎ ይባንናል። ሲባንን ግን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ጠበልን በተመለከተም ትጠይቁኛላችሁ። በመርጡለ ማርያም ጠበልን የሚጻረር ሐኪም ታካሚ የለውም፤ እኔም አልጻረርም። እናት ልጇን ይዛ ጠበል መሄዷ፣ ሰዉ አብሮ መጸለዩ ራሱ ያጽናናል። የምለምነው ልጁ እንዳይታሰር፣ እንዳይመታ፣ የጀመረው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካለም እንዳይቋረጥ ብቻ ነው። እስካሁን ያነጋገርኳቸው አባቶች ተረድተውኛል።

አሁን ስለ ራሳችን ሙያ በግልጽ እንነጋገር። ሽሮፑን የሚጽፈው ባለሙያ ለምን ይጽፋል? በረንዳው ላይ 60 ሰው ስለቆመ። የሥነ አእምሮ ባለሙያ አጠገቡ ስለሌለ። ዲያዜፓም መስጠት እንደሌለበት ስለሚያውቅና ፀረ ሂስታሚን «ለስለስ ያለ» ስለሚመስለው። ከሁሉም በላይ፣ ሌላ ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም ስላላስተማረው። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና መመሪያ፣ ስፔሻሊስት በሌለበት ቦታ የልጆች ጭንቀት በመድኃኒት አይታከም ይላል። ኢትዮጵያም ይህን መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በሙከራ ሥራ ላይ ካዋሉት አገሮች አንዷ ናት። «አትስጡ» የሚለው ግን ብቻውን አይሠራም። በባለሙያው እጅ ያለውን ጠርሙስ ከቀማነው፣ በምትኩ የምናስይዘው ነገር ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የስፔሻሊስት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የራሳችን አገር ጥናቶችም ያሳያሉ። አምቦ አካባቢ ወላጆችን በአጭር መጠይቅ የጠየቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት 17.7 በመቶ በሚሆኑት ልጆች ላይ የባሕርይ ችግር ምልክት አገኘ። በቡታጅራ በምርመራ ቃለ መጠይቅ የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት ደግሞ ቁጥሩን 3.5 በመቶ አደረሰው፤ ከነዚያም መካከል የጭንቀት ሕመሞች ቀዳሚ ነበሩ። ቦታውም መለኪያውም ይለያያል። እኔ የማነብበት ግን እንዲህ ነው፤ ወላጅን የሚያሳስቡ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ምርመራ የሚያሟላ ሕመም ያለባቸው ጥቂቶች ናቸው። ለብዙዎቹ በቂ የሆነውን ነርሷም፣ መምህሩም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሊያደርጉት ይችላሉ። ጥቂቶቹን ደግሞ ለይተን መላክ አለብን። የማይበላ፣ የማይናገር፣ ራሱን መጉዳት የሚያስብ፣ ወራት አልፈውት ከቤት የማይወጣ ልጅ ሪፈር ይጻፍለት። እዚያ እንደ ፍሎክሰቲን ያለ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል፤ የሚጀመረው ግን በሚያውቅ ሰው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣ በቅርብ እየተጠየቀ ነው።

ፀረ ሂስታሚን ፈጽሞ ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። ሽፍታ ለሚያሳክከው ልጅ ይሰጥ። በሆስፒታል ውስጥ፣ ተመዝኖ፣ ትንፋሹ እየታየ፣ ከአንድ ከባድ ሂደት በፊት ለአንድ ጊዜ ቢሰጥም ምክንያት አለው። የማይሆነው፣ በየቤቱ፣ ለወራት፣ «ለፍርሃት» ሲሆን ነው።

ወደ ልመናዬ ልምጣ፤ ሦስት ናት።

የመጀመሪያዋ ለመምህሮቻችን ነው። ተማሪው ከሕፃናት ክፍል ሲወጣ የተቅማጥን ፈሳሽ መጠን በቃሉ ይዞ ይወጣል፤ ይህ የናንተ ሥራ ነው፤ ብዙ ሕይወትም አድኗል። በዚያው ልክ አንድን የፈራ ልጅ አሥር ደቂቃ ማነጋገርን፣ መሰላል መሥራትን፣ ለመምህር ደብዳቤ መጻፍን ፈትኑት። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር በረንዳው ላይም እንደማይመጣ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛዋ በፋርማሲና በመድኃኒት ቤት ለምትሠሩ ነው። ለልጅ የአለርጂ ሽሮፕ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ለምኑ ነው?» መልሱ «እንቢ አለኝ፣ አይተኛም፣ ይፈራል» ከሆነ ወደ እኛ ላኩት። ልጁ ሁለት ዓመት ካልሞላው ደግሞ ጨርሶ አትሽጡ። ውጭ አገር ላላችሁትም በዚሁ ልናገር። ለቤተሰብ በሻንጣ ከምታመጡት ነገር መካከል ቤናድሪልና የማታ ሽሮፕ አይጠፋም። በፍቅር እንደሆነ እናውቃለን። ለልጆቹ ግን ደብተር፣ ቀለምና ኳስ አምጡ።

ሦስተኛዋ ለማኅበራችን ነው። በመካከላችን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች፣ የሕፃናት ሐኪሞች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አሉ። በሳምንት ለአንድ ሰዓት ስልክ የሚያነሱ አምስት ሰዎች ብናገኝ፣ ገጠር ያለው ባለሙያ ሽሮፑን ከመጻፉ በፊት የሚደውልበት ሰው ያገኛል። ኔትወርክ በሚጠፋበት ሳምንት በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ ለምደነዋል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ሰዓት ከመውጣታችሁ በፊት በሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ ጻፉልኝ። የመጀመሪያውን የደዋዮች ተራ እኔ አዘጋጃለሁ።